የሽብሩ አምስት ካርዶች

ልጄ ሽብሩ ካርዱን እየሠራ እስካለ ድረስ ለብሔራዊ ውትድርና አይወሰድም ነበር። ነገሩ ይኸው ነው።

ታላቁን፣ አክሊሉን፣ ወስደውታል። ከሆሳዕና በጭነት መኪና ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰሜን ነው ከማለት በቀር የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ሴቷ ልጄ ገነቴ ሺንሺቾ አግብታ እዚያው ታስተምራለች። አባታቸው፣ ዋለ፣ አርፏል። ቤት የቀረልኝ ሽብሩ ነው። የጴንጤ ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር የምንጸልየው ሰው ቤት ተሰብስበን፣ መስኮት ዘግተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር። እኔ ግን ውሃ ስቀዳም፣ ገበያ ስሄድም የምለው አንድ ነገር ነው፤ ጌታ ሆይ፣ ይሄኛውን ተውልኝ።

ሽብሩ አዲስ አበባ የቴክኒክ ትምህርት ተምሮ መጥቶ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ላይ ለእርሻ መሥሪያ ቤቱ ከውጭ እርዳታ ኮምፒውተር መጣ። አንዱ ለሆሳዕና፣ ሌሎቹ ለዱራሜ፣ ለአንጋጫ፣ ለሺንሺቾና ለሆመቾ ነበሩ። ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው የእንግሊዝ ፊደል ብቻ ሆነ። ሪፖርቱ ደግሞ በአማርኛ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ የሆሳዕናው ዳንቴል ለብሶ ተቀመጠ፣ የሌሎቹ ከነካርቶናቸው መጋዘን ገቡ።

ኃላፊው ጓድ ሰይፈሥላሴ ሬዲዮውን ሊያሠራ መጥቶ ይሄንኑ ሲያማርር ሽብሩ፣ «ሆዱ ውስጥ ካርድ ቢሰካበት እኮ አማርኛ ይጽፋል» አለው። አፉን ቢይዘው ምን ነበረበት እላለሁ አንዳንዴ። መልሼ ደግሞ ባይናገር ያን ጊዜውኑ ይወስዱት ነበር እላለሁ።

ካርድ ሲባል እኔ የማውቀው የቀበሌ የስኳር ካርድ ነበር። ይሄ ሌላ ነው። ከእጅ መዳፍ ረዘም የሚል ስስ ነገር ነው፤ ላዩ ላይ ትንንሽ ጥቁር ዕቃ እግሩን ዘርግቶ ተደርድሯል። በአንድ ጎኑ ደግሞ ጥርስ አለው፣ የመዳብ ጥርስ። በዚያ ጥርስ ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ይነክሳል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ የማያውቀውን ነገር ያውቃል። ሽብሩ እንዲህ ብሎ ነው ያስረዳኝ።

ጓድ ሰይፈሥላሴ ለውጭ አገር ፋብሪካ ደብዳቤ አስጽፎ ነበር። ፋብሪካው ከአምስት መቶ በታች አልሠራም አለ። «አምስት መቶ ካርድ ምን ላድርገው? በሬ ላይ ልሰካው?» እያለ ሳቀ። ከዚያ ወደ ሽብሩ ዞረና፣ «አንተ ሥራልኝ። አምስት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ለቀበሌው ይሄ ልጅ ለመንግሥት ሥራ ያስፈልገኛል እላለሁ። አምስቱ ሠርተው ካየሁ ቋሚ አደርግሃለሁ፤ ቋሚ ሠራተኛዬን ማንም አይነካብኝም» አለው።

እኔ በደስታ እልል ልል ነበር። ሽብሩ ግን ቤት ሲገባ ፊቱን አኮሳትሮ ነበር።

«ምነው? አምስት አነሰህ?» አልኩት።

«እማዬ፣ ማነሱ ነው ችግሩ። ፋብሪካ አንድ ጊዜ ተሳስቶ ያርምና አምስት መቶ ይሠራል። እኔ ለአምስቱ አምስት ጊዜ እሳሳታለሁ።»

እውነቱን ነው። ፊቱ መዳብ የተለበጠበትን ሰሌዳ ከመርካቶ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ አመጣ። መስመሩን በላዩ ላይ ይስልና አሲድ ውስጥ ይከተዋል፤ የተሳለው ይቀራል፣ ያልተሳለውን አሲዱ ይበላዋል። የሚሳልበት ቀለም ግን አሲድ የማያስለቅቀው መሆን አለበት። ለዚያ ደግሞ የጥፍር ቀለም ነው የሚሆነው አለኝ። እሱ ሄዶ መግዛት አፈረና እኔን ላከኝ። እታለም ሱቅ ሄድኩ። ጉራጌ ናት፣ ጎረቤቴ ናት፣ ምላሷ አያርፍም።

«የጥፍር ቀለም አለሽ?» አልኳት።

«ለማን?»

«ለሽብሩ።»

«ሽብሩ ጥፍር መቀባት ጀመረ?»

«ለሥራው ነው አልኩሽ።»

«እሺ፣ እሺ፣ ለሥራው ነው። ቀይ ይሁን ሮዝ?»

«የፈለገውን ይሁን፣ ብቻ የማይለቅ ይሁን።»

«የማይለቅ!» ብላ ሱቅ ውስጥ ላሉት ሁሉ ጮኸች። «ጉዳችሁን ስሙ! ይቺ ጴንጤ ባል ልታገባ ነው!»

እንደዚያ የሳቅኩበት ቀን ከዚያ በኋላ የለም።

አሲዱን የሰጡን ወርቅ ሠሪው ጋሽ ተክለጊዮርጊስ ናቸው፤ ወርቅ ሲፈትኑ የሚጠቀሙበት አላቸው። ጭሱ ያሳውራል ብለው ደጅ እንዲሠራ አደረጉት። የመጀመሪያውን ሰሌዳ አሲዱ ከነመስመሩ በላው። ሁለተኛው ላይ የፊቱና የጀርባው መስመር የፀጉር ያህል ተላልፎ ቀዳዳው አልገጥም አለ። መብሻው የልብስ መስፊያ መርፌ ነበር፣ ይሰበራል፤ መርፌ ፍለጋ ደግሞ ከልብስ ሰፊ ልብስ ሰፊ ቤት እዞራለሁ። ፊደሉ የሚጻፍበት ጥቁር ዕቃ የሚሞላው አዲስ አበባ አብሮት የተማረ ልጅ ዘንድ ነው። አንድ ፊደል ከጎደለ እንደገና አውቶብስ ተሳፍሮ መሄድ ነው። ያ ዕቃ ፀሐይ ካየ ደግሞ የያዘውን ይረሳል አለኝ። እኔም ከሱቅ ወረቀት እየቀደድኩ እሸፍንለት ነበር። ዓይኑ የታመመ ሕፃን ይመስለኛል።

ሰኔ ላይ አንዱ አለቀ። ወስዶ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው። መስታወቱ ላይ ሀ ሁ ሂ ሃ ወጣ። ጓድ ሰይፈሥላሴ ሠራተኛውን ሁሉ ጠርቶ አሳየ። ማታ ሽብሩ መጥቶ ነገረኝ። ተንበርክኬ አመሰገንኩ፣ ድምፄን ሳልቀንስ። ቀበሌ ይስማ አልኩ።

ጓድ ሰይፈሥላሴ ግን ነገሩን ለበላዮቹ አሳወቀ። እንግዶች ከበላይ መጥተው በአብዮት በዓል፣ መስከረም ሁለት፣ አምስቱም ይመረቃሉ ተባለ። ካርዱን ለሽብሩ መለሰለትና፣ እስከዚያ ኮምፒውተሩን ማንም እንዳይነካ ብሎ ክፍሉን ቆለፈ። ሽብሩ አራቱን ቀሪዎች ሐምሌ ውስጥ ጨረሰ። የሚሞክርበት ግን አጣ። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብቻ ሆነ።

ክረምቱ ያኔ ነው የመጣብን። የሆሳዕናን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አልጋ ልብሱ ይርሳል፣ ጫማ ሻጋታ ያበቅላል፣ ጨው ውሃ ይሆናል። የካርዶቹ ጥርስ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ አረንጓዴ ማለት ጀመረ። ለናሙና ከአዲስ አበባ ያመጣው የፈረንጅ ካርድ ጥርሱ ወርቅ የተነከረ ነው፤ ስለዚህ ምንም አይሆንም። የሽብሩ ባዶ መዳብ ነው።

ጋሽ ተክለጊዮርጊስ ዘንድ አብረን ሄድን።

«ወርቅ ይንከሩልኝ፣ ጋሼ። ለጥርሱ ብቻ ነው።»

ጋሽ ተክለጊዮርጊስ ካርዱን አገላብጠው አዩት። «አንተ ልጅ፣ እኔ የምለብጠው በእሳት ነው። ይሄ ሰሌዳህ እሳት ሲያይ ይጨሳል። በመድኃኒት የሚነክሩት አዲስ አበባ ናቸው።»

«ጠይቄያቸዋለሁ። መቶ ካርድ አምጣና እንነጋገር አሉኝ።»

«ልክ ናቸዋ! ለአምስት ፍሬ ማን ገንዳ ይሞላል? ለአምስት ዳቦ ምድጃ እንደማንደድ ነው» አሉና ካርዱን መለሱለት። ከዚያ እኔን አይተው፣ «የሽብሩ እናት፣ እጄ ቢችል አልከለክልም ነበር» አሉኝ። አውቃለሁ፣ አይከለክሉም ነበር።

ሬዲዮ በሚበይድበት ሊድ ሊሸፍነው ሞከረ። ወፈረና ከፈረንጁ ካርድ ጋር ሲለካ በለጠ፤ ከኮምፒውተሩ ቀዳዳ አይገባም። እንደገና ፍቆ አስለቀቀው። ቀጥሎ ያገኘው መላ ላጲስ ነው። በየጠዋቱ የተማሪ ላጲስ ይዞ ጥርሱን አንድ በአንድ ያሻል፣ መዳቡ ይበራል፣ በሁለተኛው ቀን ደግሞ ያንኑ ነው። አንድ ቀን ላጲሱን ወረወረና፣ «እማዬ፣ መዳቡ እኮ ወረቀት ነው። እኔው እየፋቅኩ ልጨርሰው ነው» አለ።

በዚያው ሰሞን የባሌ ወንድም ጠና ለገበያ ከሆመቾ መጣ። ጠና ገበሬ ነው፣ ለወንድሙ ልጆች ነፍሱን ይሰጣል። ሽብሩን ሲያሽ አገኘው።

«ይሄ ነገር ጥርስ አለው?»

«አለው፣ አጎቴ።»

«ጥርስ ካለው ምን ይበላል?»

«መብራት ይበላል።»

«ይብላ። ግን ጥርሱን በላጲስ የሚፍቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ለምን ቅቤ አትቀባውም?»

ሽብሩ ሳቀ። ጠና አልሳቀም። «የአባትህ ጦር እስካሁን የሚያብረቀርቀው በምን ይመስልሃል? ቢላው፣ ማጭዱ፣ የእንሰት መፋቂያው? ዝናብ ሲገባ ቅቤ ተቀብቶ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ዝናብ ሲወጣ ጠርገህ ትሠራበታለህ። አንተ አዲስ አበባ ተምረህ ይሄን ረሳህ?»

በእኛ ዘንድ ቅቤ ለዕቃ ማስቀመጫ ብቻ አይደለም። ሙሽራ ትቀባለች፣ ከሩቅ የመጣ ልጅ ይቀባል፣ አዲስ ነገር ቤት ሲገባ ሽማግሌ ቅቤ ይዞ ይመርቃል። ጌታን ከተቀበልን ወዲህ ብዙውን ትተናል፤ ይሄን ግን አልተውነውም፣ ክፋት የለበትማ። ጠና ተነስቶ ከጓዳዬ ቅቤ አስመጣ። በጣቱ ወስዶ አንደኛውን ካርድ ጥርሱን ቀባና፣ «አባትህ ባይኖርም እኔ አለሁ። እጅህ ይባረክ። ቤትህ ተቀመጥ። መንገድ አይውሰድህ» አለው። ሽብሩ አንገቱን ደፋ። አጎት ቅቤ በእጁ ይዞ ሲመርቅህ፣ ተው አይባልም።

ያንን አንዱን ለይቶ አስቀመጠው። በሦስተኛው ቀን ሲጠርገው እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል።

«አጎቴ አወቀ!» ብሎ ጮኸ። አምስቱንም ቀባ፣ በላስቲክ ጠቀለለ፣ ሳጥን ውስጥ አስገባ። ደስታው እኔንም ያዘኝ። ጌታ ይመስገን፣ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ክረምቱን ሙሉ እንቅልፍ ያጣ ልጅ እንደ ሰው ተኛ። ነሐሴን ሙሉ ሳጥኑን አልከፈተውም፤ አየር እንዳይገባው ብሎ።

የበዓሉ ቀን ጠዋት ከፈተው።

እኔ ቁርስ ላቀርብለት ስገባ ሳጥኑ ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። አልዞረም። ቅቤው አረንጓዴ ሆኗል። ቅጠል የተፈጨበት ይመስላል። ሲጠርገው ጥርሱ ሥር ገብቶ፣ በመስመሮቹ መካከል ገብቶ፣ መዳቡን ከሥር አንስቶታል። ከክሊኒክ ያገኘው አልኮል ነበረው፤ በዚያ አጠበው፣ በጥርስ ብሩሽ ፋቀው። ከአምስቱ አንዱ ብቻ የሚታይ ነገር ቀረው።

«ይሠራል?» አልኩት።

«ይሠራ ይሆናል።»

«ዛሬ አይሆንም በላቸዋ! አሞኛል በል!»

«እንግዶቹ ገብተዋል፣ እማዬ። ዛሬ ካልሆነ ነገ ቀበሌ ነው የሚቀበለኝ።»

ያንን ካርድ በንጹሕ መሐረብ ጠቅልሎ፣ አራቱን በሳጥኑ ይዞ ወጣ።

እኛን የሴቶች ማኅበር ተሰለፉ ብሎ ወስዶን ስለነበር እኔም እዚያው ነበርኩ። አዳራሹ ሞላ፣ እኛ በመስኮት በኩል ቆምን። ጄኔሬተሩ ይጮሃል። ጓድ ሰይፈሥላሴ አዲስ ኮት ለብሷል። ስለ አብዮቱና ስለ ሳይንስ ብዙ ተናገረ። ከዚያ፣ «የአገራችን ልጅ፣ በራሱ እጅ የሠራውን ያሳየናል» አለ። ሰው አጨበጨበ። ሽብሩ ካርዱን ሰካ። ከአጠገቤ የቆመች ሴት፣ «ያንቺ ልጅ አይደል?» አለችኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ ብቻ ነው የምለው፤ ከዚያ የሚቀጥለው አይመጣልኝም።

መስታወቱ በራ። ፊደል ወጣ፤ አየሁት፣ አማርኛ ነው። ሰው ኦ አለ። ከዚያ ፊደሉ ተንሸዋረረ። መስመር መስመር ሆነ፣ እንደ ዝናብ ወረደ። ጠፋ። እስከ መስኮቱ ድረስ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

«ሌላኛውን አስገባ» አለ ጓድ ሰይፈሥላሴ፣ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ።

ሽብሩ ሌላኛውን አላስገባም። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው። አልበራም። እንደገና ሞከረ። ክዳኑን ከፍቶ እጁን ሲከት ጣቱ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ «ይሄ የስንት ሺህ ዶላር ዕቃ ነው?» አለ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ከወንበሩ ተነስቶ ካርዱን ተቀበለና አሸተተው። «ቅቤ ነው!» አለ። «ጓዶች፣ ይሄ ሰው የመንግሥት ኮምፒውተር ቅቤ አብልቷል! ይሄ አሻጥር ካልሆነ አሻጥር ምንድነው?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሽብሩ መሐል ላይ ቆሞ ጣቱን ያያል። ጠና የት እንዳለ በዓይኔ ፈለግኩ፤ ሆመቾ ነበር፣ እንኳን አልመጣ።

በነጋታው ጓድ ሰይፈሥላሴ ቢሮ ሄድኩ። አስቀመጠኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ጓድ ሰይፈሥላሴ፣ አራት ኮምፒውተር መጋዘን አለ አይደል? አንድ ዕድል ስጠው። ሰኔ ላይ ሠርቶ አይተኸዋል እኮ።»

«አይቻለሁ፣ እናቴ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ማን ደፍሮ አንዱን ይከፍትለታል? እኔ አልደፍርም። ለአምስት ካርድ ብሎ ወርቅ የሚነክርለት የለ፣ የሚያመርትልን የለ። በእጁ ደግሞ እንዲህ ሆነ።» መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «አሻጥር አይደለም፣ አላወቀም ብዬ ተከራክሬ ከእስር አስቀርቼዋለሁ። ከውትድርና ለማስቀረት ግን እኔ ምን ምክንያት አለኝ? እሱን የማስቀርበት ምክንያቴ ካርዱ ነበር።»

ተነስቼ ወጣሁ።

ከዚያ ሳምንት ሳያልፍ ከቤት ወሰዱት። አልሮጠም፣ አልተደበቀም። ልብሱን አጥፎ ሲያስገባ አየሁት፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጧቸው። ቂጣና የተቆላ ገብስ ይዤ ሄድኩ። በአጥሩ ሽቦ በኩል ተቀበለኝ። ብዙ እናት ነበርን፤ አንዷ ትጮሃለች፣ አንዷ ልጇን ስለ ጫማው ትቆጣዋለች።

«እማዬ፣ አሁን ነው የገባኝ» አለኝ።

«ምኑ?»

«ቅቤ ሲከርም ይኮመጥጣል። ኮምጣጣ ነገር ደግሞ መዳብ ይበላል። ብረትን ነው የሚጠብቀው። ጦሩም ማጭዱም ብረት ነው። በሦስተኛው ቀን አብርቶ ያየሁት ቅቤው ገና ትኩስ ስለነበር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ነሐሴ መሐል ላይ ብከፍተው ኖሮ...»

«ተወው፣ ልጄ።»

«አልተውኩትም፣ እያሰብኩት ነው። ሌላ የማስበው የለኝም።» ቀና ብሎ አየኝ። «ለአጎቴ ቅቤው ነው እንዳትይው። ይጎዳል።»

«ሰው ሁሉ ቅቤ ሲል ሰምቶ የለ?»

«እሱ ሆመቾ ነው። አንቺ ካልነገርሽው ማን ይነግረዋል? መብራቱ ነው በይው። ጄኔሬተሩ ነው ያበላሸው በይው።»

ዘበኛው በቃ አለ። ሽብሩ ቂጣውን ከፍሎ ከአጠገቡ ላለው ልጅ ሲሰጥ አየሁ፤ ያ ልጅ የሚያመጣለት ሰው አልነበረውም መሰለኝ። በማግስቱ ጭነው ወሰዷቸው። እኔ የደረስኩት አቧራው ሲቀር ነው።

ጠና ሰምቶ መጣ፤ ከሆመቾ በእግሩ። ገብቶ ተቀመጠ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ምን ሆኖ ነው የተበላሸው?» አለኝ። «እኛ ያጎደልነው ነገር ነበር?»

«ጄኔሬተሩ ነው» አልኩት።

«እኮ! እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። ያ ልጅ እጁ አይስትም።» ራሱን ነቀነቀ። «መርቄው ነበር እኮ። መንገድ አይውሰድህ ብዬ መርቄው ነበር። ምርቃቴ ለምን አልያዘም?»

ውሃ ሰጠሁት። ጠጣና ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ።

ማታ የቤተ ክርስቲያናችን እህቶች እኛ ቤት ለጸሎት መጡ። መስኮቱን ዘጋን። ሣራ የምትባለው፣ ታላቃችን፣ «የሽብሩ እናት፣ ዛሬ አንቺ ጀምሪ» አለችኝ። ተንበረከክኩ። አክሊሉ ሲሄድ፣ ጌታ ሆይ ይሄኛውን ተውልኝ ብዬ ለመንኩ። አሁን የትኛውን ብዬ ልለምን? ሣራ እጇን ጀርባዬ ላይ አድርጋ እሷው ጀመረች። እኔ ግንባሬን ወንበሩ ላይ ደፍቼ አዳመጥኳት።